ወለተሥላሴ ለምን አልላከችም?

ቴፒ፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፀደንያ ይስሐቅ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ኸይሩ ቅመሙን አዲስ አበባ አራግፎ እንደተመለሰ ሱቁን እንኳ ሳይከፍት ቀጥታ ትምህርት ቤት መጣና «እንኪ፤ እህትሽ በወረቀት ልካልሻለች። ስልኳ ጠፋባት እንዴ?» አለኝ። «ስልክማ አለን» አልኩት። ስንደዋወል ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አንዳችን ጆሮ ላይ እንደሚዘጋ ለኸይሩ ምን ብዬ ላስረዳው? ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም። ደህና አስበሻል።

እማዬን ከቀበርን ወዲህ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ከአንቺ የመጣልኝ ረጅም ቃል ይኸው ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያ ፊልምሽን እንድትጽፊ መመረጥሽ፣ ያውም «የጎጀብ ማዶ»ን፣ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ያንን መጽሐፍ አባባ ያነበበልን ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ እየጮኸ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አስነብበዋለሁ።

ጥያቄዎችሽን በተራ ልመልስ። ቡና የሚያብበው በበጋው መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ በጣለ በስምንት በዘጠኝ ቀኑ ነው። ነጭ ሆኖ የሚቆየው ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ይጠወልጋል። ስለዚህ የቀረጻውን ቀን እናንተ አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁ ልትወስኑ አትችሉም። ሲዘንብ እነግርሻለሁ።

የድሮ ቤት ላልሽው፣ በሸኮ መንገድ የአቶ ከፈለኝ ቤት አለልሽ። ግድግዳው ጭቃ፣ በረንዳው እንጨት ነው፤ ዙሪያው ቡና ነው። ሄጄ ጠይቄልሻለሁ። «ጣሪያዬን ካልነኩ ይምጡ» ብለዋል።

ወለተሥላሴ ለምን ለማሚት አልላከችባትም ላልሽው ግን እኔ ምን አውቄ? ደራሲው ያላለውን ከየት አመጣለሁ?

እህትሽ ዓለምሸት

―――

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእታለም፤

ሰላምሽ ይብዛ። ስለ ቤቱም ስለ አበባውም አመሰግናለሁ። አቶ ከፈለኝን ጣሪያቸውን እንደማንነካ ንገሪልኝ።

ሦስተኛውን ጥያቄ ዘለልሽው። ለምን እንደምጨቀጭቅሽ እንድታውቂ የትናንቱን ስብሰባ ልንገርሽ። ዳይሬክተሯ ሐሴት መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እንዲህ አለች፤ «ታናሿ ማሚት ጅማ አዳሪ ትምህርት ቤት ናት። አባቷ ታሞ ተኝቷል፤ ልጄን ጥሩልኝ እያለ ነው። ታላቋ ወለተሥላሴ አጠገቡ ናት። ከዚያስ? አንድ መስመር! ‹ወለተሥላሴ ለማሚት አልላከችባትም።› ገጹን ስንገልጥ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። አንባቢ ያልፈዋል፤ ካሜራ ግን ማለፍ አይችልም። ሴትየዋ በዚያ ሰዓት ምን ላይ ነበረች? እጇ ምን ይሠራ ነበር?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጽሑፌ ውስጥ «ትዕይንት አርባ ሰባት» የሚል ርዕስ አለ፤ ከሥሩ ባዶ ነው። የፊልሙን ወጪ የሚሸፍነው አቶ ባዘዘው «እሱን ዝለሉትና መጨረሻው ላይ ሠርግ ጨምሩ። ሕዝብ ሠርግ ይወዳል» ይላል። ባዶውን ካልሞላሁት የእሱ ሐሳብ ማለፉ ነው።

እታለም፣ ከቀረቡልን ሦስት መጻሕፍት ይህንን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደመረጥኩት አንቺም አይጠፋሽም። በስልክ ልጠይቅሽ ሞክሬ ነበር፤ መጠየቁ ቀርቶ መጮህ ሆነብኝ። አሁን በቀስታ ነው የምጠይቅሽ። ስለ እኛ አትንገሪኝ፤ ስለ ወለተሥላሴ ብቻ መልሺልኝ። ጽሑፉን ለጥምቀት ማስረከብ አለብኝ።

ፀደንያ

―――

ቴፒ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፀደንያ፤

ስለዘገየሁ ይቅርታ። የቡናው ለቀማ ከፈተና እርማት ጋር ገጠመብኝ። ዘንድሮ የጓሯችን ቡና ደህና ይዟል። ቀዩን ለቅሜ የማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥቼዋለሁ፤ በየሰዓቱ ደመና ሲመጣ እየሮጥኩ መሸፈን ነው።

ጥያቄሽን ለተማሪዎቼ ሰጠኋቸው። ማክሰኞ ዕለት «ወለተሥላሴ ለምን አልላከችም?» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ።

አንዱ «ክረምት ስለሆነ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ቲቸር» አለ። ሌላው «ማሚት ፈተና ላይ ስለነበረች እንዳትረበሽ ብላ ነው» አለ። ጥሩ መልስ ነው አልኩና ለአንቺም ይህንኑ ልጽፍልሽ አሰብኩ።

ከኋላ የምትቀመጥ ሐፍሳ የምትባል ልጅ አለችኝ። እጇን እንኳ ሳታወጣ «ቀንታ ነው» አለች።

ልጆቹ ሳቁ። «በምን ትቀናለች? ከአባቷ ጋር ያለችው እሷ አይደለች እንዴ?» አላት አንዱ።

«አዎ፣ አብራው ያለችው እሷ ናት» አለች ሐፍሳ። «የሚጠራው ግን ማሚትን ነው።»

ጠመኔው ከእጄ ወደቀ ብልሽ ዋሸሁ፤ አልወደቀም። ሰሌዳውን አጠፋሁና የቀረውን ክፍለ ጊዜ ስለ መስተዋድድ አስተማርኩ።

እንግዲህ መልስሽ ይኸው፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ መለሰችልሽ። ከዚህ በላይ እኔን አታድክሚኝ።

ዓለምሸት

―――

ቴፒ፣ ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፀዲዬ፤

መልስሽን ሳልጠብቅ ነው የምጽፍልሽ። ሰላምታውን ከኅዳሩ ደብዳቤ ላይ ውሰጂልኝ።

እማዬ በጥቅምት 2012 ስትታመም ሐኪሙ «ወራት ይቀሯታል» ብሎኝ ነበር። እኔም ጊዜ አለ ብዬ አመንኩ። ይህ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። በለቅሶው ላይ «ያልነገርኩሽ ሥራሽ እንዳይበላሽብሽ ብዬ ነው» ያልኩሽ ውሸት ነው። እሁድ እሁድ ስትደውዪ «ተኝታለች» እልሽ ነበር። አንዳንዴ እውነትም ተኝታ ነበር። አንዳንዴ ግን ዓይኗን ገልጣ እያየችኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ገላዋን ሳጥባት «ፀዲ» አለችኝ። «ዓለም ነኝ እማዬ» አልኳት። ደግማ «ፀዲ፣ እጅሽ እንዴት ለስልሷል» አለች። በዚያ ሰሞን አማርኛውን ትታ በሸኮኛ ብቻ ነበር የምታወራው።

ፀዲዬ፣ እኔን በዚያ ድምፅ ጠርታኝ አታውቅም። እኔን የምትጠራኝ ድስቱን እዪው፣ በሩን ዝጊው፣ በጉን አስገቢው ለማለት ነው። አንቺ ስትሄጂ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ሲያማት ያነሣኋት የጣልኳት እኔ ነኝ፤ እጄ ለስልሶ አያውቅም። ተናደድኩ። እጄን ጠራርጌ ስልኩን አነሣሁና «ነይና አንቺ እጠቢያት» ልልሽ ስምሽን አወጣሁ። ጣቴ ስምሽ ላይ እንዳለ እማዬ እንደገና «ፀዲ» አለች።

«አቤት እማዬ» አልኳት።

ፊቷ በራ። ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት። አንቺ ከመጣሽ ያ ድምፅ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። ለራሴ ፈለግኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ቀን በአንቺ ስም አቤት አልኩ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት አረፈች። ወራት አልነበረም።

እማዬ የሞተችው አንቺ አጠገቧ እንዳለሽ አምና ነው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ አራት ዓመት ቀበርኩት። የወሰድኩብሽ ትልቅ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ይቅር በዪኝ ለማለት ገና ድፍረቱ የለኝም። ወለተሥላሴ ለምን አልላከችም ብለሽ ለጠየቅሽኝ ግን እኔ የማውቀው መልስ ይህ ነው።

ዓለምሸት

―――

ቴፒ፣ የካቲት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፀደንያ፤

ጤና ይስጥልኝ። ኸይሩ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደርሶ ተመለሰ፤ ለእኔ የሰጠሽው ነገር የለም። «ሻይ ጋበዘችኝ፤ ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ፤ ስለ አንቺ ግን ምንም አላለችም» አለኝ። ቅር አላለኝም። መብትሽ ነው።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሥራው ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ማስመሰል አይደለም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወረደ፤ የገበያው መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ ባጃጆቹ ሁሉ ቆሙ። ዛሬ ጠዋት ጓሮ ወጥቼ ቅርንጫፎቹን አየሁ፤ እምቡጡ ማበጥ ጀምሯል። በሃያ ሦስት ነጭ ይሆናል። በሃያ ሁለት ብትገቡ ይደርስላችኋል። ኸይሩ ነገ ማለዳ ስለሚነሣ ይህ ደብዳቤ በጊዜ ይደርስሻል።

አቶ ከፈለኝ በረንዳቸውን አስጠርገዋል። አንቺ መምጣት ካልፈለግሽ ሐሴትን ላኪያት። የሚያስፈልጋትን ሁሉ አሳያታለሁ። እኔ ቤት ማረፍ አለባችሁ ብዬ ማንንም አላስቸግርም።

ዓለምሸት

―――

ሚዛን ተፈሪ፣ የካቲት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፤

አሥራ አምስት ሆነን በሦስት መኪና ከሰዓት በኋላ ሚዛን ገባን። እነሐሴት ዛሬውኑ ቴፒ ይወርዳሉ። እኔ «ደክሞኛል፤ ነገ እደርስባችኋለሁ» ብዬ ቀረሁ። ይህን ወረቀት ሾፌራችን ታፈሰ ያደርስልሻል።

ተናድጃለሁ። ደብዳቤሽን ያነበብኩ ዕለት ልቀደው ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ለአንቺም ለፊልሙም አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ጥምቀት አለፈ፤ ሐሴት ስትደውል ስልኬን አላነሣም ነበር። ያንን ዘጠኝ ቀን አቤት ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ይህን የሚመልስልኝ የለም፤ አንቺም አትመልሺልኝም።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አራት ዓመት ሙሉ እማዬ ስትጣራ መልስ አጥታ የሞተች ይመስለኝ ነበር። ልጄ የት ሄደች እያለች። አልጋዬ ላይ ጋደም ባልኩ ቁጥር የማስበው ይህንን ነበር። አሁን መልስ እንዳገኘች አወቅሁ። መልሱ ከማን አፍ እንደወጣ ሳስበው ገና ያመኛል። ግን መልስ አግኝታለች።

ትዕይንት አርባ ሰባትን ጻፍኩት። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ሐሴት አንብባ ስትጨርስ «ከየት አመጣሽው?» አለችኝ። «ከእህቴ ነው» አልኳት። ከዚያ በላይ አልነገርኳትም። ወረቀቱን ከዚህ ጋር አያይዤልሻለሁ። አንብቢው። እንዲቀረጽ ካልፈቀድሽ ቀድጄ እጥለዋለሁ፤ አቶ ባዘዘውም ሠርጉን ይደግስ።

ነገ ስመጣ በሩ ላይ ምንም እንዳትዪኝ። ይቅርታም እንዳትጠይቂኝ፤ ቆመን የምንጨርሰው ነገር አይደለም። «ምሳ በልተሽ ነው የመጣሽው?» በዪኝ። ለነገ እሱ ይበቃል።

ፀደንያ

―――

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለሜ፤

እንዴት ነሽ? ኮረሪማው ደርሶኛል፤ ቤቴ ሁሉ እሱን እሱን ይሸታል። ፊልሙ ከምን ደረሰ ላልሽው ቅንብሩ አልቋል፤ ድምፁ ቀርቷል።

ወለተሥላሴን ሆና የተጫወተችው ቤኪ ሁሌም ስለ አንቺ ነው የምታወራው። አስታወስሽ፣ አርባ ሰባትን ልንቀርጽ ስንል የአባቷን ገላ የምታጥብበትን ጨርቅ ይዛ ገና ካሜራው ሳይከፈት ማልቀስ ጀመረች። አንቺ ከበረንዳው ጥግ ተነሥተሽ መጣሽና ጨርቁን ከእጇ ወሰድሽ። «አታልቅሺ» አልሻት። «ሥራ ላይ ነሽ እኮ። ውኃው እንዳይቀዘቅዝብሽ ነው የምታስቢው። እንዲህ ጨምቂው።» ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ ተቀረጸ። ሐሴት «ቁረጥ» ማለት ረስታ ነበር። አንቺ ግን አልነበርሽም፤ ጓሮ ወጥተሻል። ተከትዬሽ መጣሁ። ቡናው ሥር ቁጭ ብለን የተባባልነውን እዚህ አልጽፈውም፤ የእኛ ነው።

ረቡዕ ዕለት ለአቶ ባዘዘው አሳየነው። መጨረሻውን አልነካነውም፤ እንደ መጽሐፉ ማሚት ተቀይማ ወንዙን ትሻገራለች፤ እህቷ ማዶ ቆማ ታያታለች። ሰውየው በጨለማው ውስጥ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ኧረ ተመለሺ፣ አንቺ ልጅ!» ብሎ ጮኸ። መብራት ሲበራ ዓይኑን እየጠረገ «ሠርግ አያስፈልገውም» አለ። ሐሴት እስከ ዛሬ ትስቃለች።

ሁሉ ነገር ተስተካክሏል ብዬ አልዋሽሽም። ባለፈው ሳምንት ሜክሲኮ አንዲት ሴት እናቷን ደግፋ ታክሲ ውስጥ ስታስገባ አየሁና ንድድ አለኝ። እዚያው ቆሜ ልጮህብሽ ደወልኩ። «ሄሎ» ስትዪ ድምፅሽን ሰማሁና ኮረሪማው እንዴት ይፈጫል ብዬ ጠየቅኩሽ። አሥራ አንድ ደቂቃ አወራን። ስልኩ ላይ አይቻለሁ።

ፊልሙ በኅዳር ሚዛን ተፈሪም ይታያል፤ ሐሴት ቃል ገብታለች። ሐፍሳን ይዘሽ ትመጫለሽ።

ፀዲሽ

―――

ቴፒ፣ ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፀዲዬ፤

እንዴት ነሽ? ዛሬ ጠዋት ሚዛን ሐኪም ቤት ደርሼ መመለሴ ነው። ከመናኸሪያ ወርጄ ቤቴ ሳልገባ ኸይሩ ሱቅ፣ የእርዱ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

አንገቴ ላይ እብጠት አለ። ሎሚ ያክላል። ለቀረጻ ስትመጡም ነበረ፤ በሻርፕ ሸፍኜው ነው የዋልኩት። ይህንን መደበቄ ጥፋት ነው። እንቅርት ነው አሉኝ። መርፌ አስገብተው መርምረውታል፤ ክፉ ነገር የለበትም። ግን እያደገ ስለሆነ በቀዶ ሕክምና ይውጣ ብለው ለጅማ ጽፈውልኛል። ቀጠሮው ሐሙስ ሰኔ 27 ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ «አይዞሽ፣ በሳምንቱ ቤትሽ ትገቢያለሽ» ብላኛለች።

ኸይሩ ፊቴን አይቶ «ምን ሆነሻል?» አለኝ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ለእህቴ» አልኩት። ርዕሰ መምህሩ አያውቅም፤ ጎረቤትም አያውቅም። ከአንቺ በፊት የሰማ ሰው የለም።

እዚህ ላይ የሰረዝኩት መስመር አለ። «ሥራሽን ትተሽ እንድትመጪ አልፈልግም» ብዬ ጽፌ ነበር። እፈልጋለሁ። ነይ።

ዓለምሸት

―――

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለሜ፤

ኸይሩ ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ «ቁጭ ብለሽ አንብቢው» አለኝ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። መጀመሪያ ለሻርፑ ተናደድኩ። ከዚያ «ከአንቺ በፊት የሰማ ሰው የለም» የሚለው ላይ ደረስኩና እዚያው ላይ ቆየሁ።

ከቀጠሮሽ በፊት ባለው ቀን፣ ረቡዕ ሰኔ 26 ማለዳ እነሣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ጅማ መናኸሪያ እገባለሁ። ቀድመሽኝ ከደረስሽ ጥላ ፈልገሽ ተቀመጪ፤ ሻንጣ ተሸክመሽ እንዳትዞሪ። ከሐሴት ሁለት ሳምንት ወስጃለሁ፤ የቀረውን ድምፅ እሷ ትጨርሰዋለች። አንቺ እስክትድኚ ቴፒ እቆያለሁ። ምግብ እኔ ነኝ የምሠራው፤ አልጣፈጠም እንዳትዪ።

ሐሙስ ጠዋት የሚያስሞሉሽ ወረቀት ይኖራል። «የቅርብ ዘመድ» የሚል መስመር አለው። ጎረቤት እንዳታስገቢበት፤ ባዶም እንዳትተዪው። ስሜን ጻፊው።

ፀደንያ